የሰው ስልክ ክፈት ስባል

እንደሚታወቀው የኮምፒውተር ተማሪ ቤተሰብ ጋ ሲሄድ ለሰፈሩ ሁሉ ቴክኒሽያን ይሆናል። እኔም ባለፈው ክረምት ፑኝዶ በሄድኩ ጊዜ አንድ የማከብራቸው ነጋዴ ስልክ ይዘው መጡ። ስልኩ የእሳቸው ሳይሆን የሱቅ ሠራተኛቸው ነበር። «ልጄ፣ ገንዘቤን ሲያሸሽ ኖሯል፣ ሜሴጁን አጥፍቶታል። አውጣልኝና ለፖሊስ ልስጥ» አሉኝ። አልችልም አላልኩም፤ አይሆንም አልኳቸው። «ታዲያ ምን ልትማር ሄድክ?» ብለው ተቀየሙኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ ቀላል አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 3 ላይ ያለ ፈቃድ የሰው ዳታ ውስጥ የገባን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም ከ30 ሺህ እስከ 50 ሺህ ብር ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ሌባ ለመያዝ ነው የከፈትኩት ብል ፈቃድ አይሆነኝም። ጋሼ ተበዳይ ቢሆኑም ስልኩ የሳቸው ስላልሆነ ሊፈቅዱልኝ አይችሉም። መርማሪ ፖሊስ እንኳ በአንቀጽ 32 መሠረት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል።

ሌላም አለ። በአንቀጽ 34 ማስረጃ ያቀረበ ሰው እውነተኛነቱን የማስረዳት ሸክም አለበት። እኔ በራሴ ላፕቶፕ ነካክቼ ያወጣሁትን ሜሴጅ ጠበቃው «አንተ ማነህ?» ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?

በእኔ እይታ ክፍተቱ እዚህ ላይ ነው። አዋጁ ቅጣቱን በደንብ ዘርዝሯል፤ የግል የዲጂታል መርማሪ በምን ፈቃድ እንደሚሠራ፣ በቅን ልቦና ሲሠራ ምን ከለላ እንዳለው ግን አይናገርም። ፈቃድ ይኑር ሲባል ደግሞ ዝም ብሎ ወረቀት ማለቴ አይደለም። የአሜሪካዋ ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2007 ኮምፒውተር የሚመረምረውን የግል መርማሪ ፈቃድ አውጣ ብላ ነበር። የአገሪቱ የጠበቆች ማኅበር በ2008 እንዲህ ያለውን አሠራር ተቃወመ፤ ሰው መከታተል የሚችል ሁሉ ሃርድ ዲስክ ማንበብ አይችልማ። እኛም ፈቃዱን በሙያ ፈተና፣ ያውም ጋምቤላ ላይ ተፈትኖ በሚገኝ መልኩ ብናደርገው ይሻላል። ፑኝዶ የስደተኞች መጠለያ ያለባት ከተማ ናት፤ ድንበር ተሻግሮ የመጣ ሰው ስልክ ውስጥ ዘመዶቹ በሙሉ አሉ። ማንም እየተነሳ ሊከፍተው አይገባም።

ጋሼ ስልኩን ሞባይል ጥገና ቤት ወሰዱት። ልጁ የንግድ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። ፈቃዱ የጥገና ነው።