የጅብ ጥላ ሁሉ አንድ አይደለም

ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜ ከሩዋንዳ ሠፈራችን፥ ከአጥር ሥር የጅብ ጥላ ቀንጥሶ «እማዬ፥ ጥበሺልን» እያለ ገባ። እናቴ ግን ወስዳ ጣለችው። እኔም «እንጉዳይ በገበያ ይሸጥ የለም ወይ?» ብዬ ተከራከርኋት። በኋላ ሳጠና እርስዋ እንዳልተሳሳተች ተረዳሁ።

እንጉዳይ የሚለየው በመልኩና በበቀለበት ቦታ ነው። በኩይሳ ላይ በቅሎ፥ ሥር መሰል እግሩ እስከ ምስጡ ጎጆ የሚወርድ የሚበላ ዓይነት አለ። በግጦሽ ሣር ላይ የሚገኘው የሚበላ ዓይነት ደግሞ ከባርኔጣው ሥር ያለው ሽንሽን ለጋ ሳለ ሮዝ፥ ሲያረጅ ቡናማ ነው። ሽንሽኑ ነጭ ሆኖ፥ በእግሩ ላይ ቀለበት፥ ከሥሩም ከረጢት ያለው ግን ገዳይ ሊሆን ይችላል። የገዳዩን መርዝ እሳት አያጠፋውም፤ ሕመሙም ብዙ ጊዜ ከ6 ሰዓት በኋላ ስለሚጀምር፥ ሰው ሳያውቀው ጉበቱ ይጎዳል። ወንድሜ ከእግሩ ስለ ቀነጠሰው፥ ከረጢት ቢኖረው እንኳ አፈር ውስጥ በቀረ ነበር።

ስለዚህ፥ ጓደኞቼ ሆይ፥ በመስከረም ትምህርት ሲከፈት፥ ምድሩ እርጥብ ሳለ፥ ከመምህራችን ጋር ወጥተን ከነሥሩ እየቆፈርን፥ ቦታውንና ቀለሙን በደብተር እንመዝግብ እላለሁ። ይህንም የምለው ለመብላት አይደለም፤ በጥቂት ምልክት ተማምኖ መብላት ድፍረት ነውና። ዕውቀት መተውንም ያስተምራል።