ግንዱን ተዉት፤ ዓሣውን አትቁጠሩ

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል የደጋ ሰው፡፡ ይህን ተረት ለብዙ ዘመን ጠልቼው ኖሬአለሁ፡፡ ሲነገር የምሰማው ጠያቂን ዝም ለማሰኘት ነበርና፡፡ «አትጎርጉር፣ አርፈህ ተቀመጥ» ማለት ነው በአጭሩ፡፡ መንጠቆ ይዤ ውኃ ዳር መዋል ከጀመርሁ በኋላ ግን ተረቱን ያወጣው ሰው ከውኃ ጋር ትውውቅ እንደነበረው ተረዳሁ፡፡ ዓሣ ያለው እጅ ለመስደድ በሚያስፈራበት ቦታ ነው፤ ከግንድ ሥር፣ ከሥራሥር መሐል፣ ከጨለማው ጥግ፡፡ ዘንዶ የማይፈራበት ወለል ያለ ውኃ ብዙውን ጊዜ ዓሣም የለበትም፡፡

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ ሰሞኑን ገራዶ ላይ ክርክር ገጥሞኛል፡፡ ከደሴ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ አገር አንድ ወዳጄ ለአትክልቱ መስኖ እንዲሆነው ጎድጓዳ መሬት ላይ ውኃ አቁሯል፡፡ ቦታው ቀድሞ ባሕር ዛፍና ጥቂት ግራር ነበረበት፡፡ ከፊሉን ቆርጦ ጉቶውን ተወው፤ ከፊሉም እንደ ቆመ ውኃው ዋጠው፡፡ ከዚያ ቆሮሶ ጨመረበት፤ ዓሣውም ተራባ፡፡ ዘንድሮ የሰፈሩ ወጣቶች «የዓሣ ማስገር ውድድር እናድርግ» ብለው መጡ፡፡ ደንባቸው አጭር ነው፤ በመንጠቆም ይሁን በመረብ፣ በአንድ ቀን ብዙ ዓሣ ቆጥሮ ያስረከበ ያሸንፋል፡፡ ለውድድሩ እንዲያመች ደግሞ ግንዱ ሁሉ ይነቀል፡፡ ቢሳካ በከርሞው ወደ አርዲቦ፣ ከዚያም ወደ ሐይቅ ይወስዱታል፡፡ ወዳጄ እሺ ሊል ጥቂት ቀርቶታል፡፡ እኔ እምቢ ብያለሁ፡፡ ይህ ጽሑፍ የእምቢታዬ ምክንያት ነው፡፡

«በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ ዓሣ ምን አመጣው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፡፡ ሄሚንግዌይ በ1952 (እ.ኤ.አ.) አንድ ሽማግሌና አንድ ዓሣ ይዞ የሰው ልጅን ሽንፈትና ክብር ሲያሳየን ዓሣ ምን አመጣው አላልነውም፡፡ እኛ ጣናንና ሐይቅን፣ ዝዋይንና አባያን ይዘን በጽሑፋችን ውስጥ ዓሣ ከተረት አልፎ ሲመጣ ብዙም አላየሁም፡፡ ስለማናውቀው ነገር ደግሞ ደንብ ስናወጣ ይኸው ቁጥር ብቻ ይቀድመናል፡፡

ከግንዱ ልጀምር፡፡ ወጣቶቹ ግንዱን ቆሻሻ ብለው ይጠሩታል፡፡ ውኃ ውስጥ የተኛ ግንድ ግን በጥቂት ወራት አረንጓዴ ለምድ ይለብሳል፤ በለምዱ ላይ ጥቃቅን ነፍሳት ይሰፍራሉ፡፡ ቆሮሶ ይህን ይግጣል፡፡ ጫጩቱ ዓሣ ከሚያድኑ ወፎች የሚሸሸገው በቅርንጫፉ መሐል ነው፡፡ አምባዛ ካለ ደግሞ ቀኑን ከግንዱ ሥር ተጋድሞ ውሎ ሲመሽ ለአደን ይወጣል፡፡ እንግዲህ ግንዱ ለአንዱ ማሳ፣ ለአንዱ መሸሸጊያ፣ ለአንዱ መኝታ ነው፡፡ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ግንዱ ዘበኛ መሆኑ ነው፡፡ ጉቶ ባለበት ውኃ መረብ መጎተት አይቻልም፤ ይቀደዳል፡፡ «ግንዱ ይነቀል» የሚለውን ጥያቄ ገልጠን ብናየው «ዘበኛው ይነሣልን» ከማለት አይለይም፡፡

ለተቃዋሚዎቼ የምተውላቸው ነገር አለ፡፡ ለምለም ቅጠልና ቀጭን ጭራሮ ውኃ ውስጥ ሲበሰብስ ዓሣው የሚተነፍሰውን አየር ይሻማል፤ ስለዚህ ቅጠሉ ይጠረግ፡፡ ልጆች የሚዋኙበትም ዳር ቢጸዳ አልከራከርም፡፡ ወፍራሙ ግንድና ጉቶው ግን በቦታው ይቆይ፡፡

ሁለተኛው ክርክራቸው «ዓሣ ዕድል ነው፤ ስለዚህ ብዙ የያዘ ዕድለኛ ይሸለም» የሚል ነው፡፡ ይህ ዓሣን መናቅ ነው፡፡ በግንድ የተሞላ ትንሽ ውኃ እንደ መጽሐፍ የሚነበብ ነው፡፡ የእኛ ደጋ ሌሊቱ ብርድ ነው፡፡ በማለዳ የዳሩ ውኃ ከመሐሉ ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ ቆሮሶ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ዳር ይወጣል፡፡ ስለዚህ ገና ጎሕ ሲቀድ ከዳር ቆሞ መንጠቆ የሚጥል ሰው ጎበዝ ሳይሆን ችኩል ነው፡፡ ረፋድ ላይ ፀሐይ ቀድማ የነካችው ዳርቻ የትኛው እንደሆነ የተመለከተ ይቀድመዋል፡፡ ነፋስ ሲነሣ የውኃውን ምግብ ወደሚነፍስበት ዳር ይገፋዋል፤ ዓሣውም ይከተላል፡፡ ክረምት ላይ ጎርፉ የሚገባበትን አፍ የሚያውቅ ሰው አምባዛን ያገኘዋል፡፡ የራስህን ጥላ ከግንዱ ላይ ካሳረፍህ ግን ሁሉም ነገር አበቃ፡፡

አጣጣሉም እንዲሁ ዕውቀት ይፈልጋል፡፡ በግንድ መሐል መንጠቆ ርቆ ተወርውሮ አይጎተትም፤ በአጭር ክር፣ ቀስ ብሎ፣ ከግንዱ ጥላ በኩል ቀጥ ብሎ ይወርዳል፡፡ ክሩ ወፈር ይበል፡፡ መንጠቆው እንጨት ከነከሰ በጉልበት አይሳብም፤ ክሩ ላላ ተደርጎ፣ ጥቂት ተራምዶ፣ በገባበት አቅጣጫ ይወጣል፡፡ ለቆሮሶ ትንሽ መንጠቆና ትል ይበቃል፡፡ አምባዛ ግን በማሽተትና በሪዙ በመዳሰስ ስለሚያድን ሽታው የጠነከረ ነገር ይወዳል፤ የዶሮ አንጀት ከጨለማ ጋር ሲገናኝ ሥራውን ይሠራል፡፡ ይህን ሁሉ ለመማር እኔ ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ አሁንም ተማሪ ነኝ፡፡ መረብ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ጉተታ ከንቱ ያደርገዋል፡፡ ሳያነቡ ገጽ የሚቆጥሩ አንባቢዎችን የምናውቅ ሰዎች ይህ አይጠፋንም፡፡

የመረቡን ነገር ከሌላው ሰው ይልቅ እኔ የማውቀው በጥፋቴ ነው፡፡ ከዓመታት በፊት ከባልንጀሮቼ ጋር ሐይቅ ዳር በቁጥር ተወራረድን፡፡ እኔ መረብ ተውሼ ሄድሁ፡፡ አሸነፍሁም፡፡ ዓሣውን ከመረቡ ሳላቅቅ አንዷን ገልበጥ ባደርጋት ከአፏ ጫጩት ፈሰሰ፤ ከስንዴ ዘለላ የማይበልጥ፣ ዓይን ብቻ የሚመስል ጫጩት፡፡ የቆሮሶ እናት እንቁላሏንም ልጆቿንም በአፏ ይዛ ነው የምታሳድገው፡፡ በዚያን ጊዜ ከምግብ ስለምትታቀብ መንጠቆ እምብዛም አያገኛትም፤ መረብ ግን አይመርጥም፡፡ ባልንጀሮቼ «አንድ» ብለው ቆጠሯት፡፡ እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንት እንደነበረች መቁጠር አልቻልሁም፡፡

የሐይቅ ቆሮሶ ደግሞ ራሱ ትምህርት ነው፡፡ ዓሣው የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፤ በ1970ዎቹ መገባደጃ (እ.ኤ.አ.) በሰው እጅ የገባ ነው፡፡ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆነ፡፡ በአንጻሩ በውኃው ውስጥ የነበሩት ጥቃቅን ፍጥረታት ተለወጡ፤ ውኃውም እንደ ቀድሞው የጠራ እንዳልሆነ አጥኚዎች ጽፈዋል፡፡ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የአባ ኢየሱስ ሞአን ገዳም ታቅፎ የኖረ ሐይቅ በአንድ ውሳኔ በጥቂት ዓመታት ይለወጣል ማለት ነው፡፡ ትልቁ ሐይቅ እንዲህ ከሆነ ስለ ገራዶ ኩሬ ምን እንላለን? በጣናም ለመራባት ወደ ወንዞች የሚወጡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በወንዞቹ አፍ በተዘረጋ መረብ ምክንያት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ክፉኛ መመናመናቸው ተመዝግቧል፡፡ ፈጥኖ መቁጠር የሚወደው ሰው የሚመርጠው ያንኑ ዓሣው ለመውለድ የሚሰበሰብበትን ሰዓት ነው፡፡ የብርብራ ዱቄት ውኃ ላይ በትኖ ዓሣውን የሚያደነዝዝ ሰውም ያው የቁጥር ወዳጅ ነው፤ መንገዱ ብቻ አጠረለት፡፡

«ፈረንጆቹስ ይወዳደሩ የለም ወይ?» ተብዬ ነበር፡፡ አዎን፣ ይወዳደራሉ፤ እንዴት እንደሚወዳደሩ ግን ይነገር፡፡ ሬይ ስኮት የተባለ የአላባማ የኢንሹራንስ ሻጭ በ1967 (እ.ኤ.አ.) አርካንሳስ ውስጥ ባለው ቢቨር በተባለ ግድብ ሐይቅ ላይ ባስ የሚባለውን ዓሣ የማጥመድ ውድድር አዘጋጀ፡፡ ነገሩ አገር ምድሩን አዳረሰ፡፡ ሆኖም በእያንዳንዱ ውድድር የሚሞተው ዓሣ ብዛት ራሱን ሰውየውን አሳሰበው፤ በ1972 (እ.ኤ.አ.) የተያዘው ዓሣ በሕይወት ተመዝኖ ወደ ውኃው እንዲመለስ ማበረታታት ጀመረ፡፡ ዛሬ በአብዛኛው ውድድራቸው ተወዳዳሪው ለሚዛን የሚያቀርበው አምስት ዓሣ ነው፤ የሞተ ዓሣ ያመጣ ነጥብ ይቀነስበታል፡፡ አምስት ብቻ በመሆኑ ስልቱ ተለወጠ፡፡ አምስት የሞላለት ሰው ትንሹን ለቅቆ ትልቁን ይፈልጋል፤ ትልቁ ደግሞ ያለው ግንዱ በተወሳሰበበት ነው፡፡ ስለዚህ ግንድ የሚነቅል ተወዳዳሪ የለም፤ እንዲያውም ግንድ የሌለበት ውኃ ያሳዝናቸዋል፡፡ እኛ ከዚህ ሁሉ «ውድድር» የሚለውን ቃል ብቻ ወሰድን፡፡

ከፈረንጆቹም የማልቀበለው አለ፡፡ ዓሣን ለመዝናኛ ብቻ አሠቃይቶ መልቀቅ በእኛ ዘንድ በምግብ መጫወት ነው፤ እናቶቻችን ነውር ይሉታል፡፡ በደረቅ እጅ ታሽቶ የተለቀቀ ዓሣም በኋላ ሊሞት ይችላል፡፡ ልጆቹን በዓሣ የሚያሳድገውንም የሐይቅ አጥማጅ «ልቀቅ» የምለው በምን አፌ ነው? ክርክሬ ከእንጀራ ጋር አይደለም፤ ክርክሬ ከጨዋታ ጋር ነው፡፡ ለጨዋታ ሲባል የሰው እንጀራ አይለቅም፡፡

አንድ ብርቱ መከራከሪያ ቀርቷል፤ አልሸሸውም፡፡ ቆሮሶ በትንሽ ኩሬ ውስጥ ከልክ በላይ ይራባል፤ ሲበዛም ይጫጫል፤ ስለዚህ መቀነስ አለበት ይላሉ፡፡ እውነት ነው፡፡ ነገር ግን መቀነስ ከዓመት ዓመት፣ ትንንሹን እየለዩ የሚሠሩት የባለቤቱ ሥራ ነው፤ ጥቂት አምባዛ ቢጨመር ደግሞ ጫጩቱን እየበላ ያግዘዋል፡፡ ውድድር ግን በአንድ ቀን ትልቁንም ትንሹንም፣ እናቲቱንም አምባዛውንም ሳይለይ ይወስዳል፡፡ አረም መንቀልና ማሳ ማጨድ አንድ አይደሉም፡፡

ይህ ነገር ወሎ ላይ ከሌላው አገር ይልቅ የሚከብድበት ምክንያትም አለ፡፡ እኛ ዘንድ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በሐዘንም በሠርግም አብሮ ይውላል፤ ሥጋ ሲቀርብ ግን ማዕዱ ለሁለት ይከፈላል፤ የባረከው እጅ ይለያያልና፡፡ ዓሣ ቢላዋ አይጠይቅም፡፡ ከውኃ ወጥቶ በአንድ ትሪ ላይ ይቀርባል፤ ሁላችንም እጃችንን እንሰዳለን፡፡ እኔ በሕይወቴ ከብዙ ጎረቤቶቼ ጋር ከአንድ ትሪ «ሥጋ» የበላሁት በዓሣ ነው፡፡ ውኃውን ባዶ ያደረገ ሰው ያጎደለው ምግብ ብቻ አይደለም፤ ይህንንም ማዕድ ነው፡፡

እንግዲህ «እምቢ» ብቻ ብሎ መቀመጥ ስንፍና ስለሆነ ለገራዶ ወጣቶች የራሴን ደንብ አቀርባለሁ፡፡ መንጠቆ ብቻ፡፡ ለአንድ ሰው አምስት ዓሣ፤ ከዚያ አይበልጥም፡፡ አሸናፊው በቁጥር ሳይሆን በአምስቱ ድምር ሚዛን ይታወቃል፡፡ መውለጃቸው በሆነ ሰሞን ውድድር አይደረግም፡፡ አምስት የሞላለት ዘንጉን አኑሮ እንጨት ይፈልጥ፤ ማታ የተያዘው ሁሉ እዚያው ተጠብሶ በአንድ ትሪ ይበላልና፡፡ ተሸናፊም ከአሸናፊ እኩል ይጠግባል፡፡ ግንዱም ይተው፡፡

ይህን ለወዳጄ ነግሬው ጥቂት ዝም አለና «አብሽር፣ ግንዱን ለማውጣት በሬ ያመጣሉ የተባለው ለቅዳሜ ነው፤ እስከዚያ አስብበታለሁ» አለኝ፡፡ እኔም ጽሑፌን ያፋጠንሁት ስለዚህ ነው፡፡ ቅዳሜ ማለዳ በሬዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ኩሬው ዳር እገኛለሁ፡፡ በአንድ እጄ ዘንጌን፣ በሌላው ሚዛን እይዛለሁ፡፡ ወጣቶቹ ይምጡና ከመካከላቸው አንዱ ከዚያ ጉቶ ሥር አምስት ዓሣ በመንጠቆ ያውጣልኝ፡፡ ካወጣ በኋላ «ግንዱ ይነቀል» የሚል ከሆነ፣ ያን ጊዜ እንከራከራለን፡፡