ከታክሲዋ ፍየል እስከ ጀልዴሳ ግመል

አህያ፣ ውሻና ፍየል አንድ ታክሲ ተሳፈሩ። አህያ ሒሳቧን ከፍላ ወረደች። ውሻም ከፈለ፤ ረዳቱ ግን መልሱን ሳይሰጠው ታክሲው ተፈተለከ። ፍየል ደግሞ በሩ ሲከፈት ሳትከፍል እግሬ አውጪኝ አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አህያ መኪና ቢመጣባት ንቅንቅ አትልም፤ ውሻ መልሱን ለመቀበል ከመኪና ኋላ እየጮኸ ይሮጣል፤ ፍየል የሞተር ድምፅ ስትሰማ ትበረግጋለች።

አዲስ አበባ ተወልዶ በ18 ዓመቱ ወደ አሜሪካ የሄደው ሠዓሊ እዝራ ውቤ ይህን የከተማ ተረት እ.ኤ.አ. በ2011 «ሒሳብ» የተሰኘ አጭር አኒሜሽን አድርጎታል። የሠራበት መንገድ ግለሰብ ፊልም ሠሪ ምን ያህል ርቆ መሄድ እንደሚችል ያሳያል። ሠዓሊው አንድ ሸራ ወጥሮ ይሥላል፤ ፎቶ ያነሣል። በዚያው ሸራ ላይ ቀለም ደርቦ እንቅስቃሴውን ጥቂት ወደፊት ይገፋል፤ እንደገና ፎቶ ያነሣል። ቀድሞ የተሣለው ከአዲሱ ቀለም ሥር ይቀበራል። ሥራው ሲያልቅ ሸራው ላይ የሚታየው የመጨረሻው ሥዕል ብቻ ነው፤ ፊልሙ ያለው በፎቶዎቹ ውስጥ ነው።

ድካሙ ቀላል አይደለም። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። ባለሙያዎች አንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ ስለሚያሳዩት 12 ይበቃል። እንዲያም ሆኖ የአምስት ደቂቃ ፊልም 3,600 ሥዕል ይጠይቃል። አንድ ሠዓሊ በቀን 20 ቢጨርስ፣ እሑድንም ሳያርፍ፣ ስድስት ወር ነው። ድምፁ፣ ሙዚቃውና ቅንብሩ ገና አልተነካም።

ይህን የሚሰሙ ሰዎች «በጀት ሲገኝ» ይላሉ። አቅም በሌለበት ቤት ተጀምሮ ለወግ የበቃ ሥራ ግን እዚሁ አገር አለ። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ሲጀምሩ መነሻቸው ከካልሲ የተሠሩ አሻንጉሊቶች ነበሩ። ቀጭኔዋ ፀሐይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለስንት ሕፃን ፊደል አስቆጠረች! ያው ቤት ቆይቶ «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን አኒሜሽን ወለደ።

ይህ ሁሉ ለጀልዴሳ ልጅ ምን ይፈይዳል? ጀልዴሳ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎች ውስጥ የምትገኝ መንደር ናት። ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት ግን ከዘይላ ወደ ሐረር የሚያልፈው የሲራራ ነጋዴ ማረፊያ ነበረች። ከባሕር ዳርቻ በረሃውን አቋርጦ የመጣው ግመል ጭነቱን እዚህ ያራግፋል። ከፊት ያለው የሐረር ዳገት ነው፤ ዳገቱን የሚችሉት በቅሎና አህያ ናቸው። ቆለኛውና ደገኛው እንስሳ ጭነት የሚረካከቡባት መንደር፣ ለሕፃናት ፊልም ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይመጣል? ግመሉ ባሕር አይቷል፤ በቅሎዋ ሐረርን ታውቃለች። አንድ ሌሊት ጎን ለጎን ቢያድሩ ምን ይባባሉ ይሆን? የአምስት ደቂቃ ፊልም ከዚህ በላይ ታሪክ አያስፈልገውም።

ጥያቄው «በየትኛው ቋንቋ?» የሚለው ነው። የጀልዴሳ ልጅ እናቱ የምታናግረው በሶማሊኛ ወይም በኦሮምኛ ነው። በስልክ የሚደርሰው ካርቱን ደግሞ በአብዛኛው ሌላ አገር፣ በሌላ ቋንቋ፣ ለሌላ ልጅ የተሠራ ነው። አኒሜሽን እዚህ ላይ ከሌላው ፊልም ይልቅ ያመቻል። 3,600ው ሥዕል የሚሣለው አንድ ጊዜ ነው፤ የግመሉንና የበቅሎዋን ድምፅ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ መቅዳት ከሥዕሉ ጋር ሲነጻጸር የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ የድሬዳዋ ሕፃናት በአንደኛ ደረጃ የሚማሩባቸው ቋንቋዎች ናቸው።

ከነአካቴው ያለ ንግግር መሥራትም ይቻላል። የላትቪያው ጊንትስ ዚልባሎዲስ «ፍሎው» የተሰኘውን ፊልም ብሌንደር በተባለ፣ ማንም በነፃ በሚያወርደው ሶፍትዌር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2025 ኦስካር ወስዷል። በእርግጥ ቡድን ነበረው፤ ወጪውም በሚሊዮን ዩሮ ይቆጠራል። ነገር ግን ድመቷና ጓደኞቿ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ የሰው ቃል አይተነፍሱም፤ ልጆች ግን ተከትለዋቸዋል። በጀልዴሳው ፊልም ላይ ንግግሩን ከእንጨት የተጠረበው የግመል ቃጭል ሊተካው ይችላል። ሩቅ ሲሆን ቀስ ብሎ፣ ሲቃረብ ጎልቶ የሚሰማ፣ ጭነቱ ሲወርድ ዝም የሚል ቃጭል ቀድቶ ለማስገባት ስቱዲዮ አያሻም። አንድ ጥሩ መቅጃና ፀጥ ያለ ማለዳ ይበቃል።

እንግዲህ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ለአንድ ሠዓሊ የስድስት ወር ደመወዝ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ የመንደሩን ታሪክ የሚነግሩ ሽማግሌዎችና ድምፃቸውን የሚሰጡ ልጆች ናቸው። የድሬዳዋ ባለሀብት ለአንድ ሠርግ ከሚያወጣው ላይ ቢቀንስ፣ አስተዳደሩም አንድ ክፍል ቢፈቅድ ሥራው ይጀመራል። ፊልሙ ሲያልቅም ወደ ፌስቲቫል ከመላኩ በፊት በጀልዴሳ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ይታይ፤ አስተያየት ለመስጠት ቀዳሚዎቹ የዚያ ልጆች ይሁኑ።