«ቅዳሜ ሌሊት በረዶ ላይ ዓሣ ሳጠምድ ነበር» ይለኛል፤ ልመነው?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱን ሳነብ መጀመሪያ ከት ብዬ ሳቅሁ። ደግሜ ሳነበው ግን ሳቄ ጠፋ። ልጅቷ የምር ተጨንቃለች። ስምና አድራሻ እንደ ደንባችን ይቅርና፣ ደብዳቤዋን አሳጥሬ እነሆ፦

«ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የ27 ዓመት ወጣት ስሆን በሒሳብ ሠራተኝነት እተዳደራለሁ። እጮኛዬ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ከሄደ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት መጥቶ ቀለበት አስሮልኛል። ሠርጋችንም ለመጪው ጥር ተቆርጧል። በጣም እወደዋለሁ።

»ችግሩ ቅዳሜ ነው። ከታኅሣሥ ወዲህ ቅዳሜ ማታ ስልኩ አይሠራም። እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ስደውልለት እዚያ ገና ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ዝግ! በነጋታው ‹የት ነበርክ?› ስለው ‹ሐይቅ ላይ ዓሣ ሳጠምድ› ይለኛል። ‹ጀልባ ላይ?› ብለው፣ ‹አይ፣ በረዶው ላይ። መኪናችንን ሐይቁ ላይ አቁመን፣ በረዶውን በስተን› አይለኝም መሰለዎት! ፎቶም ላከልኝ። እባብ ይሁን ዓሣ ያልለየለት፣ አገጩ ላይ አንድ ፀጉር የመሰለ ነገር የተንጠለጠለበት አስቀያሚ ፍጥረት። ለጓደኞቼ ባሳያቸው ተንከተከቱብኝ። አንዷማ ‹እሱ የሚያጠምደው ዓሣ ሁለት እግር ያለው ነው› አለችኝ። አክስቴ ደግሞ ‹ሠርጉ ሳይደርስ ቀለበቱን መልሺለት› ብላ ይዛኛለች። እውነት በሌሊት በረዶ ላይ ተቀምጦ ዓሣ የሚያጠምድ ጤነኛ ሰው አለ? ምን ይመክሩኛል?

»ተጠራጣሪዋ ነኝ፣ ከመገናኛ»

አለ እንጂ!

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ከጥያቄሽ ልጀምርና፣ አዎ አለ! ያውም ሞልቷል። ይህን የምልሽ በወሬ ሰምቼ አይደለም። እዚያው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ ዘመድ ቤት ሁለት የፈረንጅ ክረምት ከርሜያለሁ። የፈረንጅ ክረምት የምልሽ የእኛ ክረምት ዝናብ ስለሆነ ነው። የእነሱ የሚገባው እኛ በጠራራ ፀሐይ ገናና ጥምቀት ስናከብር ነው።

ሚኒሶታ በመኪና ታርጋዋ ላይ «10,000 ሐይቆች» ብላ የምትጽፍ አገር ናት። ብርዱ ሲመጣ እነዚያ ሁሉ ሐይቆች ከላይ ድንጋይ ይሆናሉ። ከላይ ነው ያልኩሽ። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ሲሆን ነው። ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ እየቀለለ ይመጣል፣ በረዶ ሲሆንማ ይንሳፈፋል። ስለዚህ በረዶው ሐይቁን እንደ ጋቢ ይሸፍነውና ከሥሩ ዓሣው በሕይወት ይከርማል።

መኪናውም እውነት ነው። የክፍለ ግዛቷ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ልክ አውጥቶለታል። ጥርት ያለ አዲስ በረዶ 10 ሴንቲ ሜትር ሲወፍር ሰው በእግሩ ይሄድበታል። ለትንሽ የቤት መኪና ከ23 እስከ 25፣ ለትልቅ ፒክአፕ ደግሞ 33 ገደማ ያስፈልጋል። በሰሜኑ በኩል ብርዱ ሲጠና ውፍረቱ ከግማሽ ሜትር ያልፋል። ታዲያ መንደር ይመሠረትበታል ብልሽ እመኚኝ! ምድጃና አልጋ ያላቸው ትንንሽ ጎጆዎች በመኪና እየተጎተቱ ሐይቁ መሐል ይሰለፋሉ። በሞተር ወይም በባትሪ መሰርሰሪያ የድስት አፍ የሚያህል ቀዳዳ ይበሱና፣ ከክንድ ብዙም በማይረዝም ዘንግ መንጠቆ ሰድደው ይጠብቃሉ።

ስልኩስ? ከዜሮ በታች 20 እና 30 ዲግሪ ብርድ ላይ የስልክ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ ድርግም ይላል። እኔ ራሴ ደጅ ቆሜ እያወራሁ ጠፍቶብኝ ያውቃል። ሰሜን ባሉት ሐይቆች ላይ ደግሞ ኔትወርኩም የእኛን ሰፈር የሚያስመሰግን የሚሆንበት ቦታ አለ።

ያ አስቀያሚ ዓሣ

አሁን ወደ ፎቶው እንምጣ። ያየሽው በርቦት የሚባል ዓሣ ይመስለኛል። ሚኒሶታዎች ኢልፓውት ይሉታል። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የምንበላው ቆሮሶ በአጠገቡም አያልፍም። መልኩ ወደ አምባዛ ያደላል፣ ሥጋ ዝምድና ግን የላቸውም። አምባዛ አፉ ዙሪያውን ጢም ነው፣ በርቦት ግን አገጩ ላይ አንድ ብቻ ነው ያለው። አንቺ «ፀጉር» ያልሽው ይኸው ነው። የሥጋ ዘመዱ የባሕሩ ኮድ ነው። ከዚያ ቤተሰብ ባሕሩን ትቶ በሐይቅና በወንዝ መኖርን የለመደው እሱ ብቻ ነው። እባብ የመሰለሽም ያለ ምክንያት አይደለም። ከቀዳዳው ሲወጣ ጅራቱን በአጥማጁ ክንድ ላይ ይጠመጥማል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ጎጆውን ጥዬ ልወጣ ነበር።

ጠባዩ ደግሞ ጉድ ነው። ብዙው ዓሣ ሲቀዘቅዝ ሰውነቱ ይዝላል፣ እሱ ግን ብርድ ሲመጣ ይነቃል። የሚራባው በፈረንጆቹ ጃንዋሪና ማርች መካከል፣ በረዶው ሥር፣ በሌሊት ነው። ብዙ ሆነው እንደ ክር ድውር እየተጠቀለሉ ይጋባሉ። ትልቅ ሴት በርቦት ከሚሊዮን በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ ጎጆ የለ፣ ሞግዚት የለ፣ ጥላ መሄድ ነው። ቀን ተሸሽጎ ይውልና ሲጨልም ከሐይቁ ወለል ላይ አደን ይጀምራል። ስለዚህ አጥማጁ በጨለማ የሚያበራ መንጠቆ ላይ የትንሽ ዓሣ ራስ ሰክቶ፣ ወለሉን ነካ ነካ እያደረገ ያመሻል።

ልብ ብለሻል የኔ እህት? እጮኛሽ «ሌሊት ነበርኩ» አለሽ፤ ይህ ዓሣ የሚያዘው ሌሊት ነው። ከታኅሣሥ ወዲህ ነው አልሽ፤ ወቅቱ ያ ነው። ባለ አንድ ጢም ዓሣ ላከልሽ፤ ያው ራሱ ነው። ሊዋሽ የፈለገ ሰው እኮ «ሥራ ገብቼ ነበር» ይላል። እንዲህ ያለ ማንም የማያምነውን ታሪክ ምን አስመረጠው? ፎቶ ከሌላም ሰው ሊመጣ ስለሚችል ምዬ አልመሰክርለትም፣ ነገሩ ግን በደንብ ይገጥማል።

ብቻውን ያበደ እንዳይመስልሽ ደግሞ ሌላ ልጨምርልሽ። ሊች ሌክ በሚባለው ሐይቅ ዳር ያለችው ዎከር የተባለች ትንሽ ከተማ፣ ለዚህ ዓሣ ክብር በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ ፌስቲቫል ታዘጋጅ ነበር። እስከ 2019 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ለአሥርት ዓመታት ሺዎች በረዶው ላይ ጨፍረዋል። ፊንላንዶች በክረምት ሾርባውን ይናፍቃሉ። ሩሲያዎች ናሊም ይሉታል፣ ቼኾቭም በ1885 በዚሁ ስም አጭር ልብ ወለድ ጽፎለታል።

ዓሣው የማይመልሰው ጥያቄ

የዓሣው ነገር እዚህ ላይ ይብቃ። ደብዳቤሽን ሦስተኛ ሳነበው ያየሁት ሌላ ነገር አለ። «የት ነበርክ?» ብለሽዋል። «ከማን ጋር ነበርክ? እንዴት ቻልከው? ምን አስደሰተህ?» ያልሽበት ቦታ ግን ደብዳቤሽ ላይ የለም። እሱም ቢሆን ዓሣውን ላከልሽ እንጂ ራሱን አላሳየሽም። አራት ዓመት በስልክ መፋቀር ከባድ ነው። አንቺ የምታውቂው ልጅ ቦሌ መንገድ ላይ ማኪያቶ የሚጋብዝሽ ነበር። አሁን ያለው ሰው በረዶ የሚበሳ ነው። ይህን ሁለተኛውን ሰው ማንም አላስተዋወቀሽም። ለዚህ ነው እውነቱ ውሸት የመሰለሽ።

እዚያ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰው በጨለማ ሥራ ይገባል፣ በጨለማ ይወጣል። ጎረቤት በር አያንኳኳም፣ ቡና ጠጡ የሚል የለም። በዚያ ብርድ ስንቱን የሐበሻ ልጅ ብቸኝነት ሲያደቀው አይቻለሁ። አንዳንዱ መጠጥ ላይ ይወድቃል፣ አንዳንዱ ቤቱን ዘግቶ ይተኛል። ሐይቁ ላይ ግን ምድጃ ይነዳል፣ ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ ወሬ አለ፣ ሳቅ አለ። ቡና አፍልተው ሲጠጡ ብታያቸው የሰፈርሽ ሰዎች ይመስሉሻል። ያንን ቅዳሜ አስጥለሽው ክፍሉ ውስጥ ስልክ ይዞ ቢያድር እንዳታተርፊ እፈራለሁ።

እንዲህ አድርጊ

አንደኛ፣ ቀለበቱን አትመልሺ። የአክስትሽ ጭንቀት ከፍቅር ነው፣ እግዜር ይስጣቸው በያቸው። በዓሣ ምክንያት ሠርግ እንዳይፈርስ ግን አደራ!

ሁለተኛ፣ ከመውጣቱ በፊት እንዲነግርሽ ጠይቂው። የትኛው ሐይቅ? ከማን ጋር? ስንት ሰዓት ይመለሳል? «ቅናት ነው» ካለሽ፣ የበረዶው ሕግ መሆኑን ንገሪው። የትና እስከ መቼ እንደሚቆይ ለሰው ሳይናገር ማንም በረዶ ላይ መውጣት የለበትም። በረዶው ቢከዳ ፈላጊ የሚላከው ይህን የሚያውቅ ሰው ካለ ነው። አንቺ ጋ እኩለ ሌሊት ነው፣ ስለዚህ የቅርብ ጓደኛው ጭምር ይወቅ፤ የዚያን ጓደኛ ስልክም ተቀበይ። አየሽ፣ አንቺን የሚያሳርፍሽና እሱን የሚጠብቀው ነገር አንድ ሆኖ ተገኘ።

ሦስተኛ፣ ስለ ደኅንነቱ ጠይቂው። አንገቱ ላይ የሚንጠለጠል፣ ጫፋቸው የሾለ ሁለት መያዣዎች አሉ። ሰው ውሃ ውስጥ ቢገባ በረዶውን ወግቶ የሚወጣው በእነሱ ነው። አሉት? ጎጆው ውስጥ ማሞቂያ ሲያነዱ አየር ማስገቢያ ይተዋሉ? ከሰል ቤት ውስጥ አስገብቶ የተኛ ሰው ምን እንደሚሆን አንቺ አዲስ አበባ ሆነሽ ታውቂዋለሽ፤ እዚያም ገዳዩ ያው መርዘኛ ጋዝ ነው። ነጭ የሆነ፣ በረዶ የተደባለቀበት ግግር ደግሞ የጥርቱን ግማሽ ያህል እንኳ ላይጠነክር ስለሚችል፣ በተለይ ወደ ብርዱ ማብቂያ እንዲጠነቀቅ አደራ በይው። እንዲህ ስትጠይቂው የፖሊስ ምርመራ አይመስለውም፤ የምታስብለት ሚስቱ ነው የምትመስለው።

አራተኛ፣ ጨርሰሽ ዓይንሽን ጨፍኚ አላልኩም። ከማን ጋር እንደሚሄድ አንድ ስም እንኳ መናገር ካልፈለገ፣ ታሪኩ በየሳምንቱ ከተለዋወጠ፣ የሠርጉን ቀን መግፋት ከጀመረ፣ ከጓደኞቹ አንዱን እንኳ በቪዲዮ «እጮኛዬ ናት» ብሎ ካላስተዋወቀሽ... ያኔ ዓሣው እውነት ቢሆንም ሌላ ነገር አለና በግልጽ ተነጋገሩ። በስልክ የማይሆን ከሆነ ሽማግሌ አለ።

ለወንድሜም አንድ ቃል

ይህ ጽሑፍ እጅህ ከገባ፣ ወንድሜ፣ ፎቶ ወርውሮ መጥፋት ጥሩ አይደለም። ስልክህን በደረትህ በኩል፣ ከጃኬትህ ውስጥ ያዘው፣ ባትሪው ይቆያል። ከመኪናው ሳትወርድ «ደርሰናል» በላት። አንድ ቀን ደግሞ ቀን ላይ፣ ኔትወርክ ካለበት ሐይቅ በቪዲዮ ደውልና በረዶውን፣ ቀዳዳውን፣ ጓደኞችህን አሳያት።

ስትመጣም ሙያህን አሳይ። ሚኒሶታ ውስጥ ይህን ዓሣ «የድሃ ሎብስተር» ይሉታል። አጥማጆች ለብዙ ዘመን በመልኩ ንቀውት በረዶ ላይ ይጥሉት ነበር፣ የቀመሱት ግን አይረሱትም። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ያለውን ነጭ ሥጋ በጉርሻ መጠን ትቆርጣለህ፣ ጨው በገባበት በፈላ ውሃ ጥቂት ደቂቃ ትቀቅላለህ፣ በቀለጠ ቅቤ እየነከርክ መብላት ነው። እኔ ሚጥሚጣ ጨምሬበታለሁ፣ አስተናጋጆቼም ወደውልኛል። በርቦት አዲስ አበባ ስለማታገኝ በሐዋሳ ዓሣ ሞክረው። አክስትየዋን መጀመሪያ አጉርሳቸው!

ተጠራጣሪዋ ከመገናኛ፣ ከተነጋገራችሁ በኋላ የሆነውን ጻፊልኝ። እናንተም አንባብያን፣ ውጭ አገር ያለ ወዳጃችሁ የነገራችሁ፣ ማመን ያቃታችሁ ነገር ካለ ላኩልኝ፣ እናጣራዋለን። እስከ ሳምንት ቸር ይግጠመን!