ወንበሩ ያነሣል እንጂ አያራምድም!

ዛሬ የሚታረቅ ባልና ሚስት፣ የሚመከር እጮኛ የለንም። የዛሬው ጉዳያችን ወንበር ነው። «ደግሞ ወንበር ምን ጉዳይ አለው?» እንዳትሉኝ። አንዲት እህታችን በላከችልኝ አራት ገጽ ደብዳቤ ውስጥ ይኸው ወንበር ወንድምና እህት አኳርፏል፤ አንዲት እናትንም ከቀትር እስከ ምሽት በጀርባቸው አንጋሎ አስቀርቷል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የእህታችን እናት ጉልበታቸውን ከታመሙ ቆይተዋል። ከተቀመጡበት ለመነሣት የሰው እጅ ይፈልጋሉ። አንዴ ከቆሙ ግን ከዘራቸውን ይዘው ጓዳም ደጅም ይላሉ። አሜሪካን አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ኮንቴይነር ከሚልኩ ሰዎች ጋር ተጋርቶ ባለሞተር ወንበር ላከላቸው። ሪሞቱን ሲጫኑት የሚንጋለል፣ እግር የሚሰቅል፣ ሲፈልጉ ደግሞ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ሰውን ከነመቀመጫው ብድግ የሚያደርግ ዓይነት ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ «እሰይ! ልጅ ማለት እንዲህ ነው» አለ። ታዲያላችሁ ወንድም ሆዬ ወንበሩ በገባ በሦስተኛው ወር ለሠራተኛዋ ደመወዝ ይልከው የነበረውን ገንዘብ አቆመ። «ወንበሩ አለላት አይደል እንዴ?» ነው መልሱ። ሠራተኛዋ ተሰናበተች። እህታችን ጠዋት ሥራ ትገባለች፤ እናት ከወንበሩ ጋር ይውላሉ።

አንድ ቀን እናት ተንጋለው፣ እግራቸውን ሰቅለው ሳለ መብራት ድርግም አለ። ሪሞቱን ቢጫኑት ቢጫኑት ወይ ፍንክች! በታመመ ጉልበት ከዚያ ወጥቶ መውረድ አይታሰብም። ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ እዚያው አገኘቻቸው። ሌላ ሌላውን አልጽፈውም፤ እናት ናቸውና ያፈሩበትን ነገር ጋዜጣ ላይ አላወጣም። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ቴክኒሽያን «ሣጥኑን ትተን ቀጥታ ከሶኬት ላገናኝላችሁ» ብሏል። ወንድም «አጠቃቀሙን አላወቃችሁበትም» ብሏል። እናት ደግሞ «ሽጡልኝ» ብለዋል። እህታችን የምትጠይቀው ወንበሩ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ፣ የሚስተካከል መሆን አለመሆኑን፣ በመጨረሻም «ወንድሜ ልክ ነው ወይ?» ብላ ነው።

እህቴ፣ የመጨረሻዋን ጥያቄ ለመመለስ መጀመሪያ ወንበሩን ገልብጠን ሆዱን ማየት አለብን።

የሚንጋለል ወንበር በራሱ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1928 ሚቺጋን ውስጥ ሞንሮ በምትባል ከተማ ኤድዋርድ ክናቡሽና ኤድዊን ሹሜከር የተባሉ ሁለት የአክስት የአጎት ልጆች ከእንጨት ርብራብ የበረንዳ ወንበር ሠሩ። ሌዚቦይ የተባለው ስመ ጥር ፋብሪካ የበቀለው ከዚያ ነው። የዚያ ወንበር ሞተር የሰውየው የገዛ ክብደት ነበር፤ ደገፍ ሲሉት ይንጋለላል፣ ቀና ሲሉ ይመለሳል። ደገፍና ቀና ለማለት አቅም ላጠረው ሰው ግን ይኼ አይሆንም። ሞተር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ከወንበሩ ሥር ስታጎነብሺ አንድ ወይም ሁለት ዘንግ ታያለሽ፤ ጫፉ ላይ ጡጫ የሚያህል ሞተር የተገጠመለት። ጋራዥ ደጃፍ የቆመ ሰው ይህን ዘንግ ወዲያው ያውቀዋል። ክሪክ ነው! ጎማ ሲቀየር እጀታውን ስናዞር ረጅሙ ብሎን ዳዶውን እየሳበ መኪናውን እንደሚያነሣ ሁሉ፣ እዚህም ሞተሩ ብሎኑን ያዞራል፣ ዳዶው በብሎኑ ላይ ይጓዛል፣ ዳዶው የያዘው ብረት ደግሞ ወንበሩን ይገፋል። በሞተሩና በብሎኑ መካከል ጥርሶች አሉ። ሞተሩ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር ይሽከረከራል፤ ጥርሶቹ ያንን ፍጥነት ቀንሰው ጉልበት ያደርጉታል። ጡጫ የምታህል ሞተር ትልቅ ሰው ብድግ የምታደርገው በዚህ ነው። ቀስ ማለቷ ስንፍና አይደለም፤ ጉልበቷን የገዛችው በፍጥነቷ ነው።

አሁን ወደ እናትሽ እንምጣ። ክሪኩ መኪና አንሥቶ ሳለ እጀታውን ብንለቀው መኪናው ይወርዳል? አይወርድም። የብሎኑ ጥርስ ቁልቁለቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ክብደቱ ዳዶውን ቢጫነውም ሰበቃው አንቆ ይይዘዋል። ብሎኑ ዳዶውን ይነዳል እንጂ ዳዶው ብሎኑን አይነዳም። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ወንበሩ ባለበት ተቸነከረ። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። መብራቱ የጠፋው እናትሽ ወደ ፊት ተነሥተው ግማሽ መንገድ ላይ ሳሉ ቢሆንስ ኖሮ? ያን ቀን የረገማችሁት መቆለፍ ከመውደቅ ያድናቸው ነበር።

መቆለፉ ግን በነፃ አይገኝም። ዳዶውን የሚያንቀው ሰበቃ ሞተሩ ሲሠራም አለ፤ ብሎኑ ከተቀበለው ኃይል ከግማሽ የሚበልጠው እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ 2 ደቂቃ ሥራ፣ 18 ደቂቃ ዕረፍት የሚል ማስጠንቀቂያ የተለጠፈው ለዚህ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ይታይላችሁ» እያላችሁ ሽቅብ ቁልቁል የምታደርጉ ወገኖች፣ ሞተሩ ሸተተን ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ!

ተንጋለው ሳለ መብራት ቢጠፋስ ምን ይበጃል? ይህን የወንበር ሠሪዎቹም አስበውበታል። ሶኬትና ወንበር መካከል ያለውን ጥቁር ሣጥን ገልብጪው። በብዙዎቹ ላይ ከሥር ትንሽ ክዳን አለች። እዚያ ውስጥ ሁለት ባለ 9 ቮልት፣ አራት ማዕዘን የባትሪ ድንጋዮች ይገባሉ። ሁለቱ ተቀጣጥለው 18 ቮልት ይሆናሉ። ሞተሩ የለመደው 24 ወይም 29 ቮልት ነውና እያቃሰተ ይሄዳል፤ ቢሆንም የተንጋለለ ሰው አንድ ጊዜ ቀና ለማድረግ ይበቃል። ብዙ ጊዜ ድንጋዩ ከወንበሩ ጋር አብሮ አይሸጥም፤ የእናንተም ክዳን ሲከፈት ባዶ ቢሆን አይገርመኝም። አልካላይን የሚባለውን ግዢ። አንዴ ካገለገለ ለሁለተኛ ጊዜ አትመኚው፤ ቀይሪው። ሳይነካ ከርሞ ከሆነም ፈስሶ ሣጥኑን እንዳይበላው አየት እያደረግሽ ለውጪው። ሣጥኑ የድንጋይ ቤት ከሌለው ግን ለእንደዚህ ዓይነት ወንበር የሚሠራ፣ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ለብቻው ይሸጣል። ወንድምሽ ለቀጣዩ መንገደኛ የሚያሸክመው ነገር ቢያጣ ይኼን ያሸክመው።

ስለ ቴክኒሽያኑ ሐሳብ... መብራት ሲጠፋ ለቆመ ወንበር ከሶኬት ጋር ቀጥታ መገናኘት ምን ይፈይዳል? ደግሞም ሞተሩ የሚሠራው በዝቅተኛ ቮልት ዲሲ ነው፤ የእኛ ሶኬት 220 ቮልት ኤሲ ነው። ሣጥኑ ሥራው ያንን ማውረድና መቀየር ነው። ሣጥኑን መዝለል ማለት ሞተሩን ማቃጠል፣ ይባስ ብሎም የብረቱን አጥንት በመብራት ማስያዝ ነው። እናትሽ የሚተኙት እዚያ ብረት ላይ መሆኑን አትርሺ። በነገራችን ላይ ከአሜሪካ ዕቃ ለምታስመጡ ሁሉ፣ ሣጥኑ ላይ «ኢንፑት» ከሚለው ቃል ጎን የተጻፈውን ሳታነቡ አትሰኩ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ሶኬቱን የሚያስማማ ማያያዣ ብቻ ይበቃዋል። 120 ብቻ ከሆነ ግን በእኛ መብራት አፍታም አይቆይ፤ አቅሙ የሚመጥን ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል።

ቴክኒሽያን ሳትጠሩም የምትለዩት ነገር አለ። ሪሞቱን ስትጫኚ ድምፅ ከሌለ ነገሩ የመብራት ነው፤ ሶኬቱን፣ ሣጥኑንና ወልቆ ሊሆን የሚችለውን የገመድ መጋጠሚያ እዪ። ሞተሩ እየጮኸ ወንበሩ ካልሄደ ዳዶው ጥርሱ አልቋል ወይም ፒኑ ወልቋል። ዳዶው ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ነውና ያልቃል። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ሪሞቱን ጠርጥሪ፤ ሪሞቱ የሚሠራው ሥራ የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች ማገላበጥ ነው፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ሲገለበጥ ሞተሩም ወደ ኋላ ይዞራል። እሱ ደህና ከሆነ ከዘንጉ ውስጥ መጨረሻ ላይ ሞተሩን የሚያስቆም ማጥፊያ አለ፤ እሱ ለባለሙያ ነው። ደግሞ አደራ፣ ሲንጫጫ የምግብ ዘይት አታፍሱበት!

ከክሪኩ ወዲያ ያለው የብረት ጅማት ነው። ለኔ ጥበቡ ያለው እዚህ ነው። ጠፍጣፋ ብረቶች በሪቬት ተያይዘው አንዱ ሲገፋ ሌላው ይከተላል። እግር ማሳረፊያው የድሮ ሱቆች ተስቦ የሚከፈት ፍርግርግ በር እንደሚዘረጋው ነው የሚዘረጋው። ባለ አንድ ሞተሩ መጀመሪያ እግር ያወጣል፣ ዳዶው ጉዞውን ሲቀጥል ጀርባውን ያስተኛል። እግር ሳታወጪ ጀርባ ብቻ ላስተኛ ብትዪ አይሰማሽም፤ ብረቶቹ ተራውን ቆርጠው ጨርሰዋል። ባለ ሁለት ሞተሩ ጀርባውንና እግሩን ለየብቻ ያዛል። ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁና ኪሳችሁ ከፈቀደ እሱን ምረጡ።

ማንሣቱስ? ከታች መሬት የያዘ መሠረት አለ፤ መቀመጫው በሙሉ ከዚያ ላይ ይነሣና ወደ ፊት ያጋድላል። ሰው ከዝቅተኛ ወንበር ሲነሣ ጉልበቱን የሚጨርሰው የመጀመሪያው ስንዝር ነው። ያኔ ጭናችን አግድም ነው፤ የገላችን ክብደት ከጉልበታችን በስተኋላ ርቆ ይንጠለጠላል። ያንን ክብደት ከሩቅ የሚስበው የታመመው ጉልበት ነው። ወንበሩ ያችን ስንዝር ይወጣላቸዋል፤ ገላቸውን ከእግራቸው በላይ አምጥቶ ያስረክባቸዋል። ቀሪዋን ጉልበት ራሱ ይጨርሳል። ስለዚህ እግራቸው ሥር የሚያንሸራትት ምንጣፍ አይኑር። ሁለት እግራቸው መሬት ሳይረግጥ ሪሞቱን አይጫኑ። ከቆሙም በኋላ ራሳቸው ዞር እንዳይልባቸው መደገፊያውን ይዘው ትንሽ ይቆዩ።

አሜሪካን አገር ለአረጋውያን የሚሆነው ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የጤና መድን ስለዚህ ወንበር ደንብ አለው። የሚከፍለው ለሚያነሣው መሣሪያ ብቻ ነው፤ ለሶፋው አይከፍልም። የሚከፍለውም የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያቸው ክፉኛ ለታመመ ወይም ከባድ የነርቭና የጡንቻ በሽታ ላለባቸው፣ ቤታቸው ካለ ከየትኛውም ወንበር በራሳቸው መነሣት ለማይችሉ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ሰውየው ከቆመ በኋላ መራመድ የሚችል መሆን አለበት። በሞላ ኃይል ሰውን እንደ ወንጭፍ ለሚያስፈነጥረው ዓይነት ደግሞ ጭራሽ አይከፍልም። ወንድምሽ እዚያው አገር ነውና ይህን ደንብ ጠይቆ ይረዳው። ወንበሩ ለማን እንደተሠራና ለምን እንደተሠራ የሚነግረው እሱ ነው።

እንግዲህ እህቴ፣ ወንድምሽ ልክ ነው ወይ ላልሽው፣ ወንበሩን በመላኩ ልክ ነው። እናትሽ ተነሥተው የሚራመዱ ሰው ናቸውና ወንበሩ በልካቸው የተሰፋ ነው። ሠራተኛዋን በወንበሩ በመለወጡ ግን አይደለም። ከልጅቱ ሥራ ውስጥ ወንበሩ የተካው አንዲቱን ብቻ ነው፣ ማንሣትን። ወንበሩ ውኃ አያቀብልም፣ መድኃኒት አያስታውስም፣ «ኧረ ሰው!» ብሎ ጎረቤት አይጠራም። ጭራሽ ይባስ፣ ምቹ ስለሆነ ሰውን ቀኑን ሙሉ ይዞ ያውላል። ትንሽ የሚራመድ ሰው መራመዱን ሲተው እግሩ እየዛለ ይሄዳል፤ አንድ ቦታ ላይ ሲውል ደግሞ መቀመጫው ይቆስላል። «ዱሮ በር ድረስ ይወጡ ነበር፣ አሁን ቀርቷል» ብለሽ በደብዳቤሽ ጠርዝ ላይ ጣል ያደረግሻት መሥመር ከመብራቱ ይልቅ አስደንግጣኛለች። ሐኪማቸው በቀን ስንት ጊዜ ተነሥተው መራመድ እንዳለባቸው ይንገራችሁ። ያንንም የሚያስታውስ ሰው እንጂ ሞተር አይደለም።

«ሽጡልኝ» ያሉትንም እንደኔ እንደኔ የጠሉት ወንበሩን አይመስለኝም፤ ብቻቸውን መዋሉን ነው። ለወንድምሽ ስልክ ስትደውዪ ከመጨቃጨቅ ይልቅ ያን ቀን የሆነውን ሳትቀንሺ ንገሪው። የነገርሽው አይመስለኝም፤ አፍረሽለት ይሆናል። ሙሉ ቀን የምትውል ሠራተኛ ባይቻል እንኳ ቁልፍ የያዘች፣ ረፋድና ከሰዓት ብቅ የምትል ጎረቤት ይኑር። ስልክም በእጃቸው ይሁን፤ ጠረጴዛ ላይ ያለ ስልክ ለተንጋለለ ሰው የለም ማለት ነው።

ልጆች ባሉበት ቤት አንድ ነገር ልጨምር። እግር ማሳረፊያው ሲዘጋ ከሥሩ የገባን እጅም ድመትም ሊቆነጥጥ ይችላል። ጥሩ ጥሩዎቹ ላይ ዳዶው ይገፋል እንጂ አይጎትትም፤ የሚዘጋው በራሱ ክብደት ነው፤ የእናንተ ግን እንደዚያ ነው ብዬ አልምልልሽም። ሳይታይ አይዘጋ፤ ሰው ሳይቀመጥበት ሲውል ከሶኬት ይነቀል።

ድንጋዩን የገዛሽ ዕለት እናትሽ ከመቀመጣቸው በፊት አንቺው ተቀምጠሽ ፈትኚው። እስከ መጨረሻው ተንጋለይና ሶኬቱን አስነቅይ፤ ከዚያ ሪሞቱን ተጫኚ። ቀና ካደረገሽ ደግ፤ ካላደረገሽም መልሶ የሚሰካልሽ ሰው አጠገብሽ ይኑር፤ አለበለዚያ አንቺም እዚያው ልታመሺ ነው!