ለእንቅልፍ እጦት ሆርሞን አይታዘዝም

ይደክምሃል? ከእራት በኋላ እንቅልፍ ይጥልሃል? ስሜትህ ቀዝቅዟል? በአሜሪካ የቴስቶስትሮን ማስታወቂያዎች ጎልማሳውን ወንድ ለዓመታት ሲጠይቁት የኖሩት ይህን መሰሉን ነው። ጥያቄዎቹ «አዎ» እንዲባሉ የተበጁ ናቸው። ሌሊቱን በታክሲ፣ በሆስፒታል ወይም በመኪና ማቆሚያ የሚያነጋ ወገናችን ሌላ ምን ሊመልስ ይችላል?

ክርክሬ ከመድኃኒቱ ጋር አይደለም። ቆለጡ ወይም ፒቱታሪ ዕጢው ለታመመበት ሰው ሕክምናው ተገቢ ነው። የምቃወመው ድካምን ሁሉ የሆርሞን ጉድለት አድርጎ የሚሸጠውን ገበያ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2015 መድኃኒቱ የተፈቀደው በታወቀ ሕመም ሳቢያ ሆርሞናቸው ለቀነሰ እንጂ ዕድሜያቸው ስለገፋ ብቻ አለመሆኑ በመግለጫው ላይ እንዲጻፍ አዟል። ገበያው ግን አልሰማም።

ቁጥሩ ራሱ እንደሚወራለት የጸና አይደለም። የአሜሪካ የዩሮሎጂ ማኅበር ከ300 ናኖግራም በዴሲሊትር በታች ያለውን «ዝቅተኛ» ይለዋል፤ በ2017 የታተመ ሰፊ ጥናት ደግሞ ከመጠን በላይ ላልወፈሩ ወጣቶች የተለመደውን ልክ ከ264 እስከ 916 አድርጎታል። ስለዚህ 280 ያለው ሰው በአንዱ ሚዛን ጎደሎ፣ በሌላው ጤነኛ ነው። ምርመራው በጠዋት፣ ምግብ ሳይቀመስ፣ ሁለት ጊዜ መደረግ ያለበትም ለዚህ ነው። ሆርሞኑ የሚጨምረው ከእንቅልፍ ጋር ስለሆነ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ በሁለት ሰዓት ደሙን የሚሰጠው ሰው «ጠዋት» የሌሎች ጠዋት አይደለም። በ2011 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሥር ጤነኛ ወጣቶችን ለአንድ ሳምንት በሌሊት አምስት ሰዓት ብቻ ሲያስተኟቸው የቀን ቴስቶስትሮናቸው ከ10 እስከ 15 በመቶ ወርዷል። አሥር ሰው ጥቂት ነው፤ ውጤቱ ግን ችላ የሚባል አይደለም።

በ2023 የታተመውና ከ5,200 በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ሙከራ ሕክምናው የልብ ድካምንና ስትሮክን እንዳላባባሰ አሳይቷል ብለው የሚሞግቱ አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ተሳታፊዎቹ ምልክቱ የታየባቸውና ዝቅተኛነታቸው በተደጋጋሚ ምርመራ የተረጋገጠ ነበሩ፤ ያም ሆኖ የልብ ምት መዛባትና የሳንባ ደም መርጋት በሕክምናው ወገን በርክቷል። ከዚህ ተነስቶ ለደከመው ሁሉ ማዘዝ አይቻልም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን በስደት ትዳርን እስከ አርባ ዓመቱ ያቆየው ወንድ ነው። ከውጭ የሚገባ ቴስቶስትሮን አንጎል ቆለጥን የሚያዝበትን ምልክት ያጠፋል፤ የወንድ ዘር ምርት ይቀንሳል፣ ሊቆምም ይችላል። ሲተው ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፣ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ወንድነት ይጨመርልህ የተባለው ሰው ልጅ የማፍራት ዕድሉን ማስያዙን ማን ይነግረዋል?

«ተፈጥሯዊ» የሚባለውም ከዚህ ገበያ አላመለጠም። እናቶቻችን ለአራስ የሚያጠጡት አብሽ ዛሬ በእንክብል ታሽጎ የቴስቶስትሮን ማበልጸጊያ ተብሎ ይሸጣል፤ በ1994ቱ ሕግ መሠረት ሻጩ ፈዋሽነቱን አስቀድሞ እንዲያስመሰክር አይገደድም። በእርግጥ ሆርሞኑን የሚደግፈው የማይታሸገው ነው፦ በቂ እንቅልፍ፣ ከመጠን ያለፈ ክብደትን መቀነስ፣ መጠጥን መግታት።

የጤና መድን ድርጅቶች ከመክፈላቸው በፊት ሁለት የጠዋት ምርመራ መጠየቃቸው አይበቃም። በማዘዣው ቅጽ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ይጨመሩ፦ ታካሚው ስንት ሰዓት ይተኛል? ልጅ መውለድስ ይፈልጋል?