ወፎችን ማብላት ደግ ነው፤ ትሪውን ማጠብ ግን ይቅደም



ከመኝታ ቤታችን ጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ አንድ አሮጌ ትሪና ውኃ የሚጠራቀምበት የጀሪካን ቁራጭ አለ። ቁርስ ስንጨርስ ፍርፋሪውን እዚያ እንበትናለን። የወረኢሉ ውርጭ ሳይለቅ እርግቡም ዋኔውም ድንቢጡም ይወርድበታል። ደስ ይላል።

ባለፈው ወር ግን አንዲት እርግብ ላባዋን ነፍታ ከትሪው አጠገብ ቁጭ ብላ አየን። ፍሬውን ታነሣለች፤ መዋጥ ያቅታትና ለሃጭ እያዝረበረበች ትመልሰዋለች። ሌሎቹ ደግሞ እሷ የተፋችውን ለቅመው ይበላሉ! በሦስተኛው ቀን ሞታ ተገኘች። ያን ጊዜ ነው ትሪውን ጎንበስ ብለን ያየነው። የሻገተ እንጀራና ኩስ ተጋግሮበታል። ከተቀመጠ ጀምሮ አንድም ቀን አልታጠበም።

ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «ወፍን የሚመግብ ፈጣሪ ነው፤ እኛ ምን ቸገረን?» አሉ። ሌሎቹ «ትሪው ይጣል» አሉ። እኛ በሁለቱም አንስማማም።

በመሠረቱ ወፍ በዱር ተበታትኖ ይለቅማል። እኛ ግን ሁሉንም በአንድ ገበታ ሰበሰብናቸው። በሽታም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ትሪኮሞናስ የሚባል በዐይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ የእርግብንና የዋኔን ጉሮሮ ይዘጋል፤ በለሃጭ አማካይነት በእህልና በውኃ ይሻገራል። ሳልሞኔላ ደግሞ በኩስ ይተላለፋል፤ ለሰውም አይመለስ። በእንግሊዝ አገር ይኸው ትሪኮሞናስ በ2005 እ.ኤ.አ. ግሪንፊንች በምትባል ትንሽ ወፍ ላይ ታየ። የወፏ ቁጥር ከግማሽ በላይ አሽቆልቁሎ በ2021 እ.ኤ.አ. እጅግ ከሚያሳስቡት ወፎች ተርታ ተመዘገበች። ሰዎቹ ክፉ ስለ ሆኑ አይደለም፤ በየግቢያቸው ለወፍ እህል የሚያኖሩ ደጎች ናቸው።

የእኛዋስ? ማጅራቷ ላይ ነጭ ያለባት ግራጫዋ እርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በየትም አገር የለችም። ሌላም አለ። የጎረቤት ዶሮዎች አጥር ሾልከው ከዚሁ ትሪ ይለቅማሉ። ፈንግልን ደግሞ እርግብም ልታመጣው ትችላለች። ዶሮ ለወረኢሉ እናት የጨውና የደብተር መግዣ ናት። ለዶሮስ ክትባቱ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፤ የዱር ወፍን ግን ማን ይከትባል? የእርሷ ክትባት የእኛ ንጽሕና ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1ኛ/ ውኃው በየቀኑ ይለወጥ። ፍርፋሪው በዕለቱ የሚያልቅ ያህል ብቻ ይሁን፤ የሻገተ አይሰጥ።

2ኛ/ ትሪውና የውኃው ዕቃ በየቅዳሜው በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ፤ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ተበጥብጦ ይለቅለቁበት። ከዚያም በንጹሕ ውኃ ታጥበው ፀሐይ ላይ ይድረቁ፤ ትሪኮሞናስ ድርቀት አይችልም። የሚታጠቡት ከወጥ ቤት ርቆ ነው፤ ያጠበም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

3ኛ/ ቦታው ዶሮ የማይደርስበት ይሁን፤ ኩስ እንዳይከማችም በየጊዜው ይቀየር።

4ኛ/ የታመመ ወፍ ከታየ ምግቡም ውኃውም ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይነሣ። የሞተ ወፍ በባዶ እጅ አይነካ፤ ጠለቅ ተደርጎ ይቀበር።

ይህ ሁሉ ለአንድ ትሪ? ልትሉ ትችላላችሁ። እኛ ዕጩ መምህራን ነገ ወደ ጃማ፣ ወደ ከላላ፣ ወደ መካነ ሰላም እንበተናለን። ሰሌዳ ላይ «ንጽሕና» ብለን እንጽፋለን። ሕፃናቱ ግን የሚማሩት ከጻፍነው ይልቅ ስናደርግ ካዩት ነው። የተከበራችሁ መምህራኖቻችንም በተራው ብትገቡልን ደስታችን ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል! የዚህ ሳምንት ተረኞች እኛ ነን። የስም መመዝገቢያው ከዚህ ጽሑፍ ሥር ተለጥፏል፤ የሚቀጥለው ሳምንትስ ማን ነው?